የእናቴ ስለት፣ የወንድሜ ጉልበት

ወንድሜ ቀለመ ወርቅ ያን ዓመት ቤቱ የገባው በሰው ትከሻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ዛሬ ራሱ ሲያወራው «እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ትንሽ! ከደብረ ታቦር እስከ ደጃችን ድረስ የስንቱ ትከሻ የተላጠ በማን የተነሣ ነው? እኔ እህቱ የሺ ነኝ፤ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ካላማረው ይቀየመኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ያኔ መኪና እየተንገጫገጨ ደብረ ታቦር ድረስ ይደርሳል እንጂ ወደ እኛ ወደ ጋይንት የሚዘልቅ መንገድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በቅሎ ያለው በበቅሎው፣ የሌለው በእግሩ ነው። ቀለሜ ደግሞ፣ እኛ ቤት ቀለሜ ነው የምንለው፣ አንድ እግሩ ከጭኑ እስከ ባቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ሞፈር ቀጥ ብሏል። በቅሎ ላይ ቢያወጡት ያ እግር ካላፊ አግዳሚው ሁሉ ሊጋጭ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን አያ አዳነ ጎረምሶቹን ይዞ ወረደና በቃሬዛ አመጣው።

የቃሬዛ ደንብ እንዲህ ነው፤ በሽተኛ ሲያልፍ የየመንደሩ ወንድ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ተቀብሎ እስከሚቀጥለው መንደር ያደርሳል። የማን ልጅ ነው፣ ምን አጥፍቶ ነው ብሎ ነገር የለም። የክምር ድንጋይ ሰው ለጉና ሥር ሰው፣ የጉና ሥር ሰው ለንፋስ መውጫ ሰው እያቀበለ ያን ግንድ የሚያህል ልጅ አደረሱልን። እግዜር ይስጣቸው! ስማቸውን የማላውቀውን ሁሉ ዛሬም ድረስ እመርቃለሁ።

እናታችን ካሣነሽ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ልጅ ከሩቅ አገር ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ይስማል፤ እርሷም ቀና አድርጋ ጉንጩን ትስመዋለች። ቃሬዛው መሬት እንደ ነካ ቀለሜ በሁለት ሰው ተደግፎ ተነሣ። ሊስማት ጎንበስ ሲል ግን እግሩ እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ። ይህን ጊዜ እናቴ ራሷ ቁጢጥ አለችና የተጠቀለለውን ጉልበት ሳመችው። እናት የልጇን ጉልበት! የቆመው ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። አያ አዳነ፣ ያ ወይፈን በአንድ እጁ የሚጥል ሰው፣ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳበ።

እንዴት ተጎዳ አላችሁኝ? በኳስ ነዋ! አዲስ አበባ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ቅርጫት ኳስ የሚሉት ነገር ይዞታል። እኛ ኳስ ሲባል የምናውቀው የገናን ጨዋታ ነው፤ በዱላ ሩር መምታት፣ ጥርስ ማርገፍ። ይኸኛው ግን ኳሱን በእጅ መሬት ላይ እያነጠሩ ይሮጡና ዘለው ከላይ የተሰቀለ ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። ቅርጫቱ ታች የለውም። «ታች ከሌለው ምኑን ቅርጫት ሆነ? ስንዴ ቢያደርጉበት መሬት ለመሬት ሊቀር አይደል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እታለም፣ ስንዴ አይደረግበትም» አለኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ያስተማርነው።

ከፋሲካ በኋላ የኮሌጆች ውድድር አለ። ለእርሱ ሲለማመድ ዘሎ ሲወርድ ጉልበቱ ተጠመዘዘ፤ አበጠ፤ መራመድ አቃተው። ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ፈረንጁ ሐኪም ጉልበቱን ከፍቶ ውስጡ የተበጠሰውን አወጣና ሰፋው። ሲያሰናብተውም «እስከ ፋሲካ ቤትህ ዕረፍ። ግን ቁስሉ ሲጠግግ በየቀኑ እግርህን እጠፍ። ያማል፤ እያመመህ እጠፍ። ተረከዝህ መቀመጫህን እስኪነካ ካላጠፍኸው ደርቆ ይቀራል፤ ያኔ ኳስ የለም፤ ወንበር ላይ መቀመጥም ችግር ነው» አለው።

እኛ ዘንድ የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነበር። ወሬ መንገድ ላይ ያብጣል። ቀለሜ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነጋዴ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ እናቴን አገኛትና «ልጅሽን በኳስ ዝላይ የተነሣ እግሩን በቢላ ቀደዱት» አላት። በቃ፣ ይችን ብቻ። እናቴ የያዘችውን ጨው እዚያው አፈሰሰችው። አባታችን ሞላ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ ስቶ እግሩን መታው፤ «ምንም አይደል» ብሎ በጨርቅ አሰረው፤ እግሩ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ አጨዳ ሳይደርስ ሞተ። እናቴ በቢላ የተቀደደ እግር ስትሰማ የሰማችው የአባታችንን እግር ነው። ቤትም አልገባች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ከገበያው ወደ ቤተ ልሔም፣ ወደዚያች ወደ ጋይንቷ የእመቤታችን ደብር፣ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ከንፈሯ በጥም ደርቋል።

«ተሳልሽ?» አልኋት።

«ተሳልሁ።»

«ምን?»

«ስለት ሳይደርስ አይወራም» አለችኝ። እኔም ጃንጥላ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ወይ ጧፍ ነው፤ ቢበዛ የቀይ ላም ጥጃ ነው። ከዚያ በላይ ምን አለን?

ቀለሜ መደብ ላይ ተኛ፤ ጥየቃው ጀመረ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። በሶ ያመጣ አለ፣ ተልባ ያመጣ አለ፤ ሁሉም «እግዚአብሔር ይማርህ» ይልና ወዲያው «አደራ እንዳታንቀሳቅሰው!» ይላል። የተሰበረ አጥንት እንጂ የተሰፋ ጉልበት በአገራችን አይተን አናውቅማ! የተሰበረ ደግሞ ቀርከሃ ታስሮበት ቀጥ ብሎ ይተኛል። እናቴም ከእግሩ ሥር ሁለት ትራስ አድርጋ፣ ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ የምትቆጣ ሆነች። እኔ ግን ሐኪሙ ያለውን ቀለሜ ነግሮኛል። ጠያቂው ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ «በል አምጣ ያን ሞፈር» እለዋለሁ። መደቡ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ከባቱ ይዤ ወደ ውስጥ እገፋለሁ፤ እርሱ የጋቢውን ጫፍ ይነክሳል።

«አንቺ ጨካኝ! አንቺ የእንጀራ እናት!»

«ዝም በል፣ ምጥ አይደለም።»

እየተሳደበ፣ እየሰደብሁት፣ ጉልበቱ ጥቂት በጥቂት መጣ። ቀጥ ያለው ማጭድ መሰለ። ማታ ማታ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው እያለ ስለዚያ ታች ስለሌለው ቅርጫት ያወራኛል። አንድ ቀን ምን አለኝ መሰላችሁ? «እታለም፣ አዲስ አበባ ስገባ ማንም በስሜ አይጠራኝም ነበር። ‹ያ ጋይንቴ› ነበር የምባል። አነጋገሬ ያስቃቸዋል፤ ጫማዬ ያስቃቸዋል። ሜዳ የገባሁ ዕለት ግን ቀለመ ወርቅ! ቀለመ ወርቅ! ብለው ጮኹ። ስሜ እንዲያ ሲጠራ ከክርስትና ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።» ይህን ልጅ እስከ ፋሲካ ካላጠፍሁት እኔ የሺ አይደለሁም አልሁ።

ከዚያ በጾሙ እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት ሰሞን፣ እትዬ ቦጋለች መጣች። እትዬ ቦጋለች ደግ ሰው ናት፤ አፏ ግን በር የለውም። እናቴ ቤተ ልሔም ስትሳል ከአጠገቧ ቆማ ኖሯል። ቀለሜን ግንባሩን ሳመችና «እሰይ ልጄ፣ እንኳን እናትህ እግርህን ለእመቤታችን ሰጠችልህ!» አለችው።

«እንዴት?» አለ ቀለሜ።

«አልነገረችህም እንዴ? ‹ልጄን በሁለት እግሩ አቁመሽ ካሳየሽኝ እግሩ ያንቺ ነው፣ ዳግመኛ ለኳስ አይዘልም› ብላ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። እኛም እልል ብለናል።»

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ነበረች፤ ቀና አላለችም። ቀለሜ «እውነት ነው እምዬ?» አላት። «እውነት ነው» አለችው። እርሱ አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለ ነበር። እየታጠፈ የመጣውን እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ትራሱ ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ «አምጣ እግርህን» አልሁት። አይሰማም። በሦስተኛውም አይሰማም። ስቆጣው እንዲህ አለኝ፦ «ካልዳንሁ አልጫወትም። ከዳንሁም አልጫወትም። ታዲያ ለምን ልታመም?» የተማረ ሰው ሲያኮርፍ እንኳ ነገሩን አሳስሮ ነው የሚያኮርፈው! እግሩ መልሶ ይደርቅ ጀመር። ስነካው ግትር ብሏል።

እናቴ ላይ ጮኽሁ። ለእናት አይጮህም፤ ጮኽሁ። «ምነው በእኔ ጉልበት ብትሳዪ! ወይ በራስሽ!» አልኋት።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለች። «አባትሽ ‹ምንም አይደል› ሲል እኔም አብሬ ‹ምንም አይደል› አልሁ። አልተሳልሁም። አሁን ተሳልሁ፤ ልጄ ይኸው በሕይወት አለ። ስለቴን አጥፌ ነገ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ? ይጥላኝ። ይጥላኝ ብቻ ይኑርልኝ።» ቁጣዬ የት እንደ ሄደ አላውቅም፤ እንባ መጣብኝ፤ እርሱም አናደደኝ። እንስራዬን አንሥቼ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወጣሁና በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።

የንስሐ አባታችን አባ ገብረ መድኅን ከቅዳሴ መውጣታቸው ነበር። በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ የወጣ ካህን ማናገር ደፋር መሆን ነው፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም፣ ቆመው ነው የዋሉ፣ ጸባያቸውም ያው ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጽዱ ሥር ቆሙ።

«ምነው የሺ፣ ሰው ሞተ?»

«አልሞተም አባ። ሊደርቅ ነው።» ሁሉንም አወራሁላቸው፤ ኳሱን፣ ቅርጫቱን፣ ሐኪሙን፣ ስለቱን።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ቅርጫቱ ታች የለውም?»

«የለውም አባ።»

«አይ የዓለም ነገር!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካሣነሽ ይህን ሁሉ ስትሳል ማን ሰው ነው እልል ያለላት?»

«እነ እትዬ ቦጋለች።»

«እርሷማ ቤቷ ቢቃጠልም እልል ትላለች» አሉና ገና ሳይቀምሱ ተከትለውኝ መጡ። እኔ ከፊት ባዶ እንስራ አዝዬ፣ እርሳቸው ከኋላ እያጉረመረሙ።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። ቀለሜ ሊነሣ ሲል «ተኛ፣ ተኛ» ብለው ባረኩት። እናቴ ገና ሳትጠየቅ ማልቀስ ጀመረች።

«ካሣነሽ፣ በሬ ካለሽ በሬ ትሳያለሽ፤ ጧፍ ካለሽ ጧፍ። የሌላ ሰው በሬ ተስለሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እግዜር ያሳይዎ አባ! እንዴት ብዬ?»

«ታዲያ የሌላ ሰው ጉልበት እንዴት ተሳልሽ?»

«ሌላ ሰው? የወለድሁት ልጄ አይደለም?»

«ወልደሽዋል። ስትወልጂው ግን ጉልበቱን ይዘሽ አላስቀረሽም። እግዚአብሔር ለእርሱ ሰጥቶታል።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እመቤቴ ብትቀየመኝስ?» አለች። ይህን ስትል እንደ ሕፃን ልጅ ነበር የምትመስል። አባ ገብረ መድኅን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እመቤታችን ልጅ አሳድጋለች ካሣነሽ። የእናት አፍ ሲደነግጥ ምን እንደሚናገር ታውቃለች። ግን ቃል ወጥቷልና እንዲያው አልፈታሽም። በጉልበት ተስለሻል፤ በጉልበት ክፈይ። በራስሽ ጉልበት! ከነገ ጀምሮ እስከ ስቅለት ስገጂ፤ ስንት ብለሽ አትቁጠሪ፤ ጉልበትሽ እስከቻለ። ከትንሣኤ ወዲያ ስግደት የለም፤ ያኔ ስለትሽ ደርሷል፤ ልጁም የራሱ ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን እየመጣሁ?»

«እዚሁ። ከመደቡ ፊት፣ ወደ ምሥራቅ።» ተነሡ፣ መስቀላቸውን አሳለሟትና እራታቸውን ፍለጋ ሄዱ። ከመደቡ ፊት ያሉት አስበውት ይሁን ወይም ቤቱ ጠባብ ስለሆነ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠይቄያቸው አልነገሩኝም። «ብላቴናዪቱ ጠያቂ ናት» ይሉኛል እንጂ።

ስለዚህ እናቴ ትሰግድ ጀመር። እናንተ የእናቴን ጉልበት አታውቁትም። ዘመኗን ሁሉ አረም ላይ ተንበርክካ፣ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ያለቀ ጉልበት ነው፤ ስትቀመጥና ስትነሣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። በማለዳ ነጠላዋን መስቀለኛ ታጣፋለች፤ ቀለሜ ከተኛበት አንድ ክንድ ርቃ ትወድቃለች፤ እጇን መሬት ላይ ተክላ፣ «ወይኔ እናቴ» ብላ ትነሣለች፤ እንደገና ትወድቃለች። ላግዝሽ ብላት «አንቺ አልተሳልሽም» ብላ እጄን ትመታኛለች። ቀለሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው። ግን ግድግዳ ጆሮ አይደፍንም። በወደቀች ቁጥር ትከሻው ሸምቀቅ ሲል አያለሁ። ምን ያለ ግትር ልጅ ነው! ከማን እንደወረሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ስታዩአቸው ይገባችኋል።

እንዲህ እያለ ሰንብቶ አንድ ማለዳ ጭራሮ ተሸክሜ ስገባ እናቴ ወድቃለች፤ ግንባሯ መሬት ነክቷል። አልተነሣችም። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ቀለሜ ጆሮውን ጥሎ የመነሣቷን ድምፅ ይጠብቃል፤ ድምፁ አይመጣም።

«እምዬ» አለ ወደ ግድግዳው።

ዝም።

«እምዬ፣ ተነሺ እንጂ።»

ዝም። ዞር ሲል መሬት ላይ ተደፍታ አያት። «እምዬ!» ብሎ ጮኸ፤ ምርኩዙንም አላነሣ፤ ከመደቡ ላይ ራሱን ወረወረና በሁለት ጉልበቱ አጠገቧ ዱብ አለ። ያ ጉልበት ሲታጠፍ ጧ! ሲል እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ቀለሜ እሪ አለ። እናቴ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ! «ምነው? ምን ሆንህ? ማን ገፋህ?»

«አንቺ ምን ሆንሽ? ሞተሽ መስሎኝ!»

«ምን አሟረተህ! ለአባትህ ነፍስ እየጸለይሁ ነው እንጂ!»

ጭራሮው ከትከሻዬ ወደቀ። ሳቄን ልይዘው ብሞክር አልቻልሁም። እንባውን እያፈሰሰ ቀለሜም ሳቀ፤ እናቴም ስትቆጣ ቆይታ ሳቀች። ከዚያ ዝቅ ብላ እግሩን አየች። ተረከዙ መቀመጫው ሥር ነበር። ሦስታችንም አየነው። ቀለሜ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፤ ያላመነ ሰው ይመስል ሁለት ጊዜ ዳሰሰው።

«ያማል?» አለችው።

«ነፍሴን ነው የሚያወጣኝ።»

«እንግዲያ እንደተንበረከክህ ስገድ። እኔ ይዤሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ አብረው ነው። እርሷ ስትወድቅ ይወድቃል፤ እርሱ ሲነሣ በክንዱ ያነሣታል፤ የእርሱ እግር ሲከዳው ደግሞ እርሷ ከብብቱ ትገባለች። አንዱ «በቃኝ» ሲል ሌላው «ጥቂት ጨምር» ይላል። ቅዳሜና እሑድ ስግደት ስለሌለ ሁለቱም መደብ ላይ ተጋድመው እኔ ጉልበታቸውን በኑግ ዘይት አሻለሁ፤ ያቃስታሉ፤ ይወቅሱኛል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቤታችን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስቅለት ዕለት ቀለሜ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ከሕዝቡ ጋር ሲሰግድ ዋለ። ማታ ላይ ካህናቱ የየንስሐ ልጆቻቸውን ጀርባ በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ስግደት ሲያዙ፣ አባ ገብረ መድኅን ወደ እርሱ መጡ። «አንተስ ምን በደልህ?» አሉት።

«ጉልበቴን አኩርፌ አስተኛሁት አባ። እናቴንም አስለቀስሁ።»

«ለመጀመሪያው ሐኪሙ ይይልህ» አሉና ለሁለተኛው ጠበቅ አድርገው ሁለት ጊዜ በወይራው ሾጥ አደረጉት። ለእናቴ ደግሞ ስለትሽ ደርሷል አሏት።

ፋሲካ ውሎ ቀለሜ ሊሄድ ተነሣ። ስንቁ ተቋጠረ። ደጁ ላይ የእናቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቆመችው። «አሁን አይደለም» አለች። «ሂድ፣ ዝለል። ዘለህ፣ በእግርህ ተመልሰህ ያን ጊዜ ትስመኛለህ።» ገባኝ። አባ ገብረ መድኅን ፈትተዋታል፤ ሆዷ ግን ገና አልተፈታም ነበር። እርሱም ገባው፤ አልተከራከረም።

እኔና አያ አዳነ እስከ ደብረ ታቦር ሸኘነው። በእግራችን! ቃሬዛው ባለፈበት መንገድ ሁሉ ሰው ከየማሳው እየወጣ «ያ የተሸከምነው ልጅ ነው?» ይላል። «ነው» እላለሁ። «እስቲ እጠፋት!» ይሉታል። ይቆምና ያጥፋል። «እልል! ተመስገን!» ይላሉ። ክምር ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ አላምን ብለው ሱሪውን ሰብስበው ጠባሳውን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ መንገዱን እያመለከቱ «ቃሬዛውን ይዤ እዚህ ላይ ነው ወገቤን ያለኝ፤ የቀረሁበት ቦታ ይኸ ነው» እያሉ ለሰው ያሳያሉ። ቀለሜ እጃቸውን ሳመ። በየመንደሩ እንዲህ ስንቆም መንገዱ ከቃሬዛውም ረዘመብን። ቅር አላለኝም።

ከዚያ ወሬ የለም። ግንቦት አለቀ፣ ሰኔ ገባ፣ ክረምቱ ከበደ። እናቴ ነጋዴ በመጣ ቁጥር መጠየቅ ትፈራለች፤ ለዚያ እኔን ትልካለች። ራሷ «ስለ ልጄ የሰማ አለ?» አትልም፤ «ጨው ስንት ገባ?» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ጨው አይደለም የሚጠይቅ። ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ እያካፋ ሳለ፣ ቀለሜ ብቻውን በጭቃው ውስጥ እየተራመደ ደጃችን መጣ። እናቴ ከበሩ ሥር ዱካ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አልተነሣችም። የሚረግጥበትን እግር ብቻ ነበር የምታይ።

እኔ አላስቻለኝም፤ «አሸነፋችሁ?» አልሁት።

«ተሸነፍን» አለ።

«ይህን ሁሉ አድርገን!»

እናቴ እጇን አወናጭፋ ዝም አሰኘችኝ። «ተጫወትህ?»

«በመጨረሻው ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሲል አስገቡኝ።»

«ዘለልህ?»

«ዘለልሁ እምዬ። አገባሁም። ስወርድ ግን ወደቅሁ።» ትንፋሹን ሳበ። «በዚያው እግር።»

ጎመኑ ከእጇ ወደቀ። «ወደቅህ?»

«ወደቅሁ። ሊያነሡኝ ሮጠው መጡ።»

«እህስ?»

«‹ተዉኝ፣ መነሣቱን አውቅበታለሁ› አልኋቸው። እጄን መሬት ላይ ተከልሁና እንደ ስግደታችን አድርጌ ተነሣሁ።»

እናቴ እግሯን ወደ ፊት ዘረጋች። «እንግዲያ ና» አለችው። «ሳመኝ።»

ቀለሜ ያን ሁሉ ቁመቱን ይዞ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ሁለቱም ጉልበቱ እጥፍ አለ፤ የእናቴን ጉልበት አንዱን ሳመ፣ ሌላውን ሳመ። እርሷ በእጇ ተረከዙን ፈልጋ መቀመጫው ሥር አገኘችው። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ እልል ብላ አታውቅም ነበር።

አያ አዳነ ጋቢውን ተከናንቦ በዝናቡ እየሮጠ መጣ። «አሸነፉ?»

«ተሸነፉ!» አልሁት።

«ታዲያ እልልታው ምንድን ነው?»

በጣቴ ወደ በሩ አሳየሁት። ቀለሜ ገና ተንበርክኮ ነበር፤ እናቴ ጉንጩን እያገላበጠች ትስመዋለች። አያ አዳነ ጥቂት ቆሞ አያቸው፤ ከዚያ ቃሬዛው አርፎበት የነበረውን ትከሻውን ዳበስ አድርጎ «ተመስገን» አለ።